ፕሪየስ ወይስ ፕሪየስ ፕራይም? ለኡበር ሹፌርና ለቢሮ ተመላላሽ

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ኡበር ወይም ሊፍት የሚሠራ ሰው ፕሪየስ (በቤንዚንና በባትሪ የሚሠራውን የቶዮታ ሃይብሪድ) ሊገዛ ሲያስብ "ፕላግኢኑን ውሰድ፣ ነዳጅ አያውቅም" የሚለው አይጠፋም፤ ፕላግኢን የሚባለው ከሶኬት ቻርጅ የሚደረገው ፕሪየስ ፕራይም ነው። ቀኑን ሙሉ ለሚነዳ ሰው ግን ሒሳቡ እንደዚያ አይወጣም።

የ2023 ሞዴሎችን እንውሰድ። የሁለቱም ሞተር 2.0 ሊትር ነው። ተራው ፕሪየስ ኤልኢ (መነሻው ደረጃ)፣ በፊት ጎማ የሚነዳው፣ በይፋዊው ልኬት በጋሎን 57 ማይል ይሄዳል። ፕራይም ኤስኢ (የፕራይም መነሻ ደረጃ) በ13.6 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪው 44 ማይል በኤሌክትሪክ ብቻ ይጓዛል። ቻርጁ ሲያልቅ ግን በጋሎን ወደ 52 ይወርዳል፤ ትልቁን ባትሪ ተሸክሞ ነው የሚሄደው።

44ቱን ማይል ለመሙላት ከሶኬት 11.7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ተራው ያንኑ መንገድ በ0.77 ጋሎን ይጨርሰዋል። ስለዚህ የጋሎኑን ዋጋ ለ15 ያካፍሉ፤ የኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከዚያ ካነሰ ቻርጅ ማድረግ ያዋጣል። ቤንዚን 3.30 ዶላር ከሆነ ወሰኑ 22 ሳንቲም ነው። የመንገድ ላይ ቻርጀር ብዙ ጊዜ ከዚህ ያልፋል።

በ3.30 ዶላር ቤንዚንና ኪሎዋት ሰዓቱ 17 ሳንቲም በሆነ መብራት፣ በቀን 150 ማይል የሚሠራ ሹፌር በተራው 8.68 ዶላር፣ በቀን አንዴ ሞልቶ በሚነዳው ፕራይም 8.72 ዶላር ያወጣል። ምንም አላተረፈም! በቀን 40 ማይል የሚመላለስ ሰው 50 ሳንቲም ያህል ይቆጥባል፤ አዲስ ሲወጡ ግን የመነሻ ዋጋ ልዩነታቸው 4,900 ዶላር ነበር። ፕራይም በእርግጥ የሚያዋጣው መሥሪያ ቤቱ በነፃ ቻርጅ ለሚያስደርግ ሰው ነው። ፈጣን ቻርጅ አይቀበልም፤ በ240 ቮልት 4 ሰዓት፣ በ120 ቮልት 11 ሰዓት ገደማ ይቆማል።

ሻጮች የማያነሱት ሌላ ነገር አለ፦ ቸርኬ። ኤልኢ ባለ 17 ኢንች ነው። ከፍ ያለው ደረጃ፣ ባለ 19 ኢንቹ ኤክስኤልኢ፣ መልኩ ያምራል፣ ግን 57ቱ ወደ 52 ይወርዳል። በአራቱም ጎማ የሚነዳው ኤልኢ 54 ነው። በረዶ በጥቂት ቀን ለሚጠፋበት ከተማ ይህን መክፈል አይታየኝም።

ፕራይም ከገዙ ኤሌክትሪኩን ሀይዌይ ላይ አይጨርሱት። እዚያ ኤችቪ (እንደ ተራው ሃይብሪድ የሚሄድበት ሞድ) ላይ አድርገው ቻርጁን ለከተማው ዘገምተኛ መንገድ ያቆዩ። እየነዱ በሞተሩ ባትሪ የሚሞላውን ሞድ ይተዉት፤ ቤንዚን አቃጥሎ መብራት ማመንጨት ኪሳራ ነው። ክረምት ላይ ፕራይም ሂት ፓምፕ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሞቂያ) ስላለው ያለ ሞተር ያሞቃል፣ ብርዱ ሲጠና ግን ሞተሩ ይነሳል። ተራው ከመነሻውም ለማሞቂያ ሞተሩን ያስነሳል፤ የወንበር ማሞቂያ ካለው እሱን ያስቀድሙ።

በሁለቱም ፍሬን ከሩቅ ቀስ ብለው ይርገጡ፤ ድንገተኛ ፍሬን ባትሪ ውስጥ መግባት የነበረበትን ኃይል ሙቀት አድርጎ ያባክነዋል። የትራፊክ መብራት ሲይዝዎ ኒውትራል የማድረግ ልማድ ካለዎት ይተዉት፣ በኒውትራል ባትሪው አይሞላም። የተራው ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር በአየር ይቀዘቅዛል። የተሳፋሪ ካፖርት ወይም ቦርሳ የአየር ማስገቢያውን እንዳይደፍን ይመልከቱ፣ ማጣሪያውንም አቧራ ሳይሞላው ያጽዱ።