ስማርትሞንቱልስ፦ ዲስኩ «ፓስድ» ቢልም ቁጥሮቹን እዩ

ቪኤም (በሶፍትዌር የተሰራ ቨርቹዋል ኮምፒውተር) የሚሮጥበት ሆስት፣ ማለትም ዋናው ማሽን ላይ መጀመሪያ ምን ልጫን ብላችሁ ብትጠይቁኝ ሳላቅማማ ስማርትሞንቱልስ ነው የምላችሁ። ዲስኮች ስለራሳቸው ጤና የሚመዘግቡትን መረጃ (ስማርት ይባላል) የሚያነብ ፕሮግራም ነው፣ ነፃ ነው፣ ኦፕን ሶርስ ነው፣ ብሩስ አለን በ2002 የጀመረው ፕሮጀክት ነው። ሁለት ነገር ነው ያለው፣ አንዱ ስማርትሲቲኤል ነው፣ ዲስኩን በእጃችሁ የምትጠይቁበት ኮማንድ፣ ሌላው ስማርትዲ፣ እሱ ከጀርባ ሆኖ ካልቀየራችሁት በስተቀር በየ30 ደቂቃው ዲስኮቹን እያየ የሆነ ነገር ሲበላሽ ኢሜይል ይልካል። ፕሮክስሞክስ (የቪኤም ማስተዳደሪያ ሲስተም) ላላችሁ አብሮ ይመጣል፣ ዲስኮቹ የሚዘረዘሩበት ገጽ ላይ የምታዩት የስማርት መረጃ ከሱ ነው።

እኔ ዋጋውን ያወቅኩት አንድ ዳታቤዝ ያለበት ቪኤም መንቀርፈፍ ሲጀምር ነው። ቪኤሙ ውስጥ ገብቼ ሲፒዩ አየሁ፣ ራም አየሁ፣ ሁሉም ደህና፣ ዲስኩ ግማሽ እንኳን አልሞላም፣ ሎጉም ንጹህ ነው። እዛው ስማርትሲቲኤል ባዘው የዲስኩ ስም ኪውኢሙ ሃርድዲስክ ይለኛል፣ ከዛ ስማርት የለውም ብሎ ያቆማል፣ ለነገሩ ትክክል ነው፣ ቪኤሙ የሚያየው ሆስቱ የሰራለትን ዲስክ ነው እንጂ ብረቱን አይደለም እኮ። ሆስቱ ላይ ወጥቼ እያንዳንዱን ዲስክ በዳሽ ኤክስ (ሁሉንም ዝርዝር የሚያወጣው አማራጭ) ሳየው ሁሉም ከላይ «ፓስድ»፣ ማለትም ፈተናውን አልፏል ይላሉ፣ ግን ሦስተኛው ዲስክ ወረድ ሲባል 197 ቁጥር ላይ፣ ማለትም ፔንዲንግ ሴክተር የሚለው ላይ 16 ይላል፣ በማግስቱ 40 ሆነ፣ 5 ቁጥር ላይ ያለው የተተኩ ሴክተሮች ብዛትም አብሮ መጨመር ጀመረ።

197 ማለት ዲስኩ ሊያነበው ያቃተው ቦታ ነው። እንደዚህ አይነት ቦታ ላይ ሲደርስ ዲስኩ ደጋግሞ ይሞክራል፣ ሰከንዶች ይበላል፣ እና እዛ ዲስክ ላይ የተጫኑት ቪኤሞች ሁሉ እሱን ይጠብቃሉ። አንድ ሰርቨር ላይ አንድ ዲስክ ሲታመም አንድ ማሽን ነው የሚንቀረፈፈው፣ ቨርቹዋላይዜሽን ላይ ግን አስር ሰው በአንዴ ነው የሚደውልልህ፣ ሁሉም ደግሞ የሚነግርህ የተለያየ ችግር ነው። ዲስኩን ቀየርኩት፣ ቪኤሙም ወደ ድሮው ፍጥነቱ ተመለሰ።

ስለዚህ «ፓስድ» የሚለው መስመር ላይ አትተማመኑ፣ እሱ የሚቀየረው አምራቹ ያስቀመጠው ወሰን ሲታለፍ ነው፣ ያኔ ብዙ ጊዜ ረፍዷል። 5፣ 197 እና ሊታረሙ ያልቻሉ ስህተቶችን የሚቆጥሩት 187 እና 198 ከዜሮ ተነስተው ከጨመሩ አዲስ ዲስክ እዘዙ። 199፣ ማለትም ኬብሉ ላይ ሲተላለፍ የተበላሸ ዳታ ቆጠራ ከጨመረ ግን ከዲስኩ በፊት ኬብሉን ጠርጥሩ፣ እኔ ኬብል ቀይሬ ቆጠራው እዛው ቆሟል (ወደ ዜሮ አይመለስም፣ እሱን አትጠብቁ)። ኤንቪኤምኢ (ፈጣን የኤስኤስዲ አይነት) ላይ ደግሞ ከዲስኩ ዕድሜ ስንት በመቶው እንዳለቀ የሚገምተውን «ፐርሰንቴጅ ዩዝድ» የሚለውን እዩ፣ 100 አልፎም ሊቆጥር ይችላል።

የሚያስቸግረው ነገርስ? ሬይድ ኮንትሮለር (ብዙ ዲስኮችን አንድ አድርጎ የሚያቀርብ ካርድ) ካለ ዲስኮቹ ከጀርባው ይደበቃሉ፣ የሚታየው አንድ ትልቅ ቮልዩም ብቻ ነው፣ ያኔ ለምሳሌ ካርዱ ሜጋሬይድ ከሆነ ዳሽ ዲ ብላችሁ ሜጋሬይድ ኮማ የዲስኩን ቁጥር መስጠት አለባችሁ፣ ይሄን የማያውቅ ሰው ዲስኮቼን እየተከታተልኩ ነው ብሎ ባዶ ነገር ነው የሚከታተለው። ውጤቱም ለጀማሪ ከባድ ነው፣ አንዳንድ የሲጌት ዲስኮች 1 እና 7 ቁጥር ላይ የሚያወጡት ግዙፍ ቁጥር ያስደነግጣል ግን ብዙ ጊዜ ምንም ማለት አይደለም። ሎንግ ቴስቱ (ዲስኩን ሙሉ በሙሉ አንብቦ የሚፈትሸው) ትልልቅ ዲስክ ላይ ከ10 ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል፣ ሁሉንም ዲስክ በአንድ ሌሊት አታስነሱ፣ ቀን ቀን ለዩላቸው። ቦታ መሙላትን ደግሞ ጭራሽ አያይም፣ ቲን ፕሮቪዥን አድርጋችሁ ካላችሁ በላይ ለቪኤሞች ካከፋፈላችሁ ፑሉ (የጋራው የዲስክ ቦታ) ሲሞላ ዲስክ ላይ መጻፍ ሁሉ ይቆማል፣ እሱን በሌላ ነገር ተከታተሉ።

ሁሉን ይተነብያል ማለቴም አይደለም። ጎግል ከ100 ሺህ በላይ ዲስክ ላይ ሰርቶ በ2007 ባወጣው ጥናት የመጀመሪያ የስካን ስህተት ያሳየ ዲስክ በቀጣዮቹ 60 ቀናት የመሞት ዕድሉ ምንም የስካን ስህተት ካላሳየው ዲስክ 39 እጥፍ ነው፣ ግን ደግሞ ከሞቱት ውስጥ ከ36 በመቶ በላይ የሚሆኑት ምንም የስማርት ምልክት አላሳዩም። ባክአፕ የግድ ነው።

አንድ ነገር ዛሬውኑ አድርጉልኝ። ስማርትዲ ኮንፊግ ውስጥ ዳሽ ኤም ቴስት (ኤሙ ትልቁ ፊደል ነው፣ -M test) ጨምሩና ሪስታርት አድርጉት፣ ወዲያው የሙከራ ኢሜይል መላክ አለበት። ካልደረሳችሁ የሜይል ሴቲንጋችሁ አይሰራም ማለት ነው፣ ዲስኩ ሲታመም የሚላከውም አይደርሳችሁም።