ኪልት ለጉዞ፦ ሰቅሎ ወይስ ጠቅልሎ?

የስኮትላንዱ ኪልት፣ ማለትም ወንዶች የሚለብሱት ባለ ሽንሽን ጉርድ፣ እንደ ሱሪ አጥፈው ሻንጣ ውስጥ የሚወረውሩት ልብስ አይደለም። የወጉ ኪልት እስከ 8 ያርድ፣ ማለትም 7 ሜትር ከምናምን የሱፍ ጨርቅ ይፈጃል፤ አብዛኛውም ከኋላ ሽንሽኑ ውስጥ ነው ያለው። ጣጣው ያው ሽንሽኑ ነው።

በመኪና ከኤድንብራ ኢንቨርነስ ለሰርግ ከሆነ ስቀለው፣ አለቀ። ከባድ ስለሆነ ግን የሽቦ መስቀያ ይጎብጥብሃል፤ ወገቡንም በሁለት መቆንጠጫ ብቻ ከያዝከው መሀሉ ይረግባል፣ አራት አድርግለት። አውሮፕላን ላይ ግን የተሰቀለው ኪልት የሚገባበት ረጅሙ የልብስ መሸፈኛ ለሁለት ይታጠፍና ሽንሽኑን አግድም የሚያቋርጥ መስመር ይወጣል፣ እሱን በካውያ ማስለቀቅ ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ለአውሮፕላን እኔ ጥቅሉን ነው የምመርጠው። ጠረጴዛ ላይ ዘርጋው፣ ሽንሽኑን አንድ በአንድ በእጅህ አስተካክል፣ ከዚያ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ጠቅልል። ከላይ ወደ ታች እንዳይሆን! እንዲህ ሲሆን ሽንሽኑ በጥቅሉ ቁመት ልክ ይተኛል፣ አይሰበርም። ጥቅሉን ከአሮጌ የሴት ታይት በተቆረጠ አንድ እግር ውስጥ ክተተው። አዎ፣ ታይት፤ እስኪ ሳቅ፣ ግን ወጥሮ ይይዘዋል። ጥቅሉ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ስለሚረዝም ትንሽ ሻንጣ ውስጥ ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ አስተኛው። ስትደርስ ወዲያው ፈተህ ስቀለው።