ከጣና ዳር፣ የደንገል ታንኳ ሲታሰር

ዘጌ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ኡራ ኪዳነ ምሕረትንም አይቻለሁ። ስለዚህ ዘንድሮ ባሕር ዳር ስገባ ጓደኛዬን "ገዳም ይብቃኝ፣ ሌላ ነገር አሳዪኝ" አልኳት። እዚያው ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። "እንግዲያው ነገደ ወይጦዎች ጋ እንሂድ፣ ሐይቁ ዳር የሚኖሩት ታንኳ ሠሪዎች ጋ" አለችኝና ወዲያው ጣቷን ቀሰረች። "ወይጦ ብለሽ እንዳትጠሪያቸው። ስድብ አድርገውት የኖሩ አሉ። ነገደ ወይጦ ነው የሚባለው።"

አላዳመጥኳትም፤ መጀመሪያ የሄድኩት ሐይቁ ዳር ያገኘሁትን አስጎብኚ ይዤ ነው። "የባህል ጉብኝት" ብሎ ተቀበለኝ። አንድ ሽማግሌ ደረቅ ሣር ላይ በተቀመጠ ታንኳ ውስጥ እንዲቀመጡ አደረገ፣ ፎቶ አነሳን፣ አለቀ። አስር ደቂቃም አልሞላም። ሽማግሌው ከከፈልኩት ስንት እንደደረሳቸው ስጠይቀው ወሬ ቀየረ። ይሄኛው ከአምስት ዜሮ።

በማግስቱ ጠዋት ጓደኛዬ ራሷ ወሰደችኝ። እናቷ ቅርጫት የሚገዙት ከዚያ ሰፈር ስለሆነ ያውቋታል። "አሰላሙ አለይኩም አባባ" ብላ ገባች፣ እኔም ተከትያት። አባባ ታንኳ እያሰሩ ነበር። የደረቀውን ደንገል (ሐይቁ ዳር የሚበቅል ረጅም ቄጠማ ነው) በነዶ በነዶ ደርድረው፣ በእግራቸው ረግጠው፣ ገመዱን ወደ ኋላ ተንጋለው ይስቡታል። ደንገሉ ሲጠብቅ ሲጢጥ ይላል። ምስማር የለ፣ ሙጫ የለ። አፍንጫው ወደ ላይ ቀና እንዲል ጫፉን ሲያጥፉት ሁለት ልጆች ተደርበው ያዙላቸው። አንድ ሰዓት ያህል ቆሜ ሳይ አልሰለቸኝም።

"ታንኳ ውኃ ይጠጣል" አሉኝ። "ከሥራ ሲወጣ አቁመሽ ፀሐይ ካላስመታሽው ይከብድሻል፣ ከዚያ ይበሰብሳል።" ለዚህ ነው ዳር ዳሩን ግድግዳ ተደግፈው የቆሙ ታንኳዎች የሚታዩት። እኔ ለቱሪስት ጌጥ የቆሙ ይመስሉኝ ነበር!

የነገደ ወይጦዎች የድሮ ሥራ ጉማሬ ማደን ነበር። ጎረቤቱ "ጉማሬ በሊታ" እያለ ሲያገላቸው የኖረውም በዚሁ ነው። የጥንት ቋንቋቸው ጠፍቷል፤ ዛሬ አፍ የሚፈቱት በአማርኛ ነው። አንድ ቃል እንኳ ቀርቶ እንደሆነ አባባን ብጠይቃቸው "አንቺስ የቅድመ አያትሽን ድምፅ ታስታውሻለሽ?" ብለው ሳቁብኝ። ዝም አልኩ።

ስለ ደንገሉ ሲያወሩ ግን አልሳቁም። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ የዳሩ ደንገል ግን ለእርሻና ለግንባታ እየተመነጠረ ነው። አባባ ደጃፋቸው ያጭዱት የነበረውን አሁን ርቀው ሄደው ነው የሚያመጡት።

ታንኳው ላይ ልጃቸው በቀርከሃ እየቀዘፈ ትንሽ አዞረኝ። ውኃው ከጎንሽ እጅሽ የሚደርስበት ነው፣ ደንገሉም ውኃ ያሰርጋል፤ ቀሚሴ ራሰ። ቅያሪ ልብስ ያዙ። ሕይወት አድን ጃኬት የለም፣ ዋና የማትችሉ ከዳር አትራቁ። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ማዕበል ስለሚያነሳ ጠዋት ሂዱ። ለዚህ አንድ ነጥብ ቀንሻለሁ፤ ከአምስት አራት።

ስንወጣ የአባባ ባለቤት የሠሩትን ባለ ክዳን ቅርጫት አየሁ። "300" አሉኝ። እንደ ልማዴ "በ200 አይሆንም እትዬ?" ስል ጓደኛዬ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ሴትዮዋ ምንም ሳይሉ ሌላ የተጀመረ ቅርጫት አወጡና ከትናንት ጠዋት ጀምሮ የደረሱበትን አሳዩኝ። ገና ወገቡ ጋ ነው። 300 ከፈልኩ።

ክዳኑ ይጠብቃል፣ ለመክፈት መታገል ነው። ቡና አስቀምጬበታለሁ።