ዩኒየን ወይስ ባንክ? ጎጃም ውስጥ ሥራ ለምትፈልጉ

ደብረ ማርቆስም ሆነ ቡሬ ላይ በሒሳብ ሠራተኝነት የሚቀጠሩ ልጆች ደመወዝ ብቻ ያወዳድራሉ። እኔ ግን በሥራው ላይ የሚመጣውን ለውጥ ፍጥነትም እዩ ባይ ነኝ።

የገበሬዎች ዩኒየን (የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጥምረት)፦ ለውጡ ወቅት ጠብቆ ይመጣል። ከክረምት በፊት ማዳበሪያ፣ ከአጨዳ በኋላ የጤፍና የበቆሎ ግዥ። መተዳደሪያ ደንብ ለማሻሻል ጠቅላላ ጉባኤ መጠበቅ ግድ ነው፤ ትዕግሥት ያስጨርሳል። ማዳበሪያ የጫነው መኪና ከዘገየ ግን ረጋ ያለው ቢሮ በአንድ ጠዋት ይተራመሳል፤ ገበሬው ጋቢውን እንደደረበ በር ላይ ቆሞ ነው የሚጠብቃችሁ።

ባንክ፦ ለውጡ ከዋናው መሥሪያ ቤት በሰርኩላር (በመመሪያ ደብዳቤ) ይወርዳል፤ ቀን አይመርጥም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ተመኑን ቅርንጫፉ አልተጠየቀም፤ ለደንበኛ ማስረዳቱ ግን የእሱ ሥራ ሆነ። ዝውውርም አለ።

ትዳር ይዞ እርሻ ቢጤ ላለው ዩኒየኑ ይመቻል። ገና ለተመረቀ፣ ሻንጣ ማንሣት ለማይከብደው ደግሞ ባንኩ።