የወይን ጭማቂ ተረፈ ምርት፦ በኢታኖል ወይስ በካርቦን ዳይኦክሳይድ?

ከመጭመቂያ የወጣ የወይን ልጣጭና ፍሬ (ዘር) ቶሎ ይሻግታል። ከእርሱ ጠቃሚ ንጥረ ነገር ለማውጣት በኢታኖል (አልኮል) ወይም በካርቦን ዳይኦክሳይድ ማሟሟት ይቻላል፤ በየትኛውም መንገድ ቢሄዱ መጀመሪያ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባልበለጠ ሙቀት ይደርቃል፣ ከዚያ ይፈጫል።

ፖሊፌኖል (በልጣጩና በፍሬው ውስጥ የሚገኝ የእፅዋት ውህድ) ከተፈለገ ኢታኖል ይመረጣል። ለ1 ኪሎ ደረቅ ዱቄት 10 ሊትር ድብልቅ (ግማሹ ኢታኖል፣ ግማሹ ውሃ) ይጨመርና በ50 ዲግሪ ለ1 ሰዓት እየተማሰለ ይቆያል። ንጹህ ኢታኖል የተሻለ ይመስላል፤ አይደለም። የደረቀውን ቅንጣት አሳብጦ ለፈሳሹ መንገድ የሚከፍተው ውሃው ነው። ዱቄቱ ከመጠን በላይ ከላመ ማጣሪያው ላይ እንደ ጭቃ ተለጥፎ ይደፍነዋል፤ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ይበቃል። ኢታኖሉ በቫኪዩም (አየሩ በተመጠጠ ዕቃ ውስጥ) ተንኖ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይሠራል። በአቅራቢያው ግን እሳትም ብልጭታም አይታሰብ።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ31 ዲግሪና ከ74 ባር በላይ ሲሆን እንደ ጋዝ ዘልቆ እንደ ፈሳሽ ያሟሟል። የፍሬውን ዘይት ያለ አሟሚ ቅሪት ያወጣል፤ ፖሊፌኖልን ግን ጥቂት ኢታኖል ካልታከለበት እምብዛም አይነካም። ዱቄቱ እርጥበት ከያዘ ጋዙ መውጫ ቫልቭ ላይ ሲስፋፋ ይቀዘቅዝና ውሃው በረዶ ሆኖ ይዘጋዋል። ከፍተኛ ግፊት የሚችለው መሣሪያም ውድ ነው።

ሁለቱም ካሉ ዘይቱን በካርቦን ዳይኦክሳይድ አስቀድሞ ማውጣት፣ ቀሪውን በኢታኖል መዘፍዘፍ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ዱቄቱን እንደገና ማድረቅ ግድ ይላል።