ለሮያል ራምብል «ላይቭ ፓኬጅ» ልትገዙ ያሰባችሁ የድሬ ልጆች፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

አቦ እንዴት ናችሁ? ይህን የምጽፈው ሬስሊንግ ለምታዩ ሁሉ ነው፣ በተለይ ለድሬ ልጆች። ያ ማስታወቂያ ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ እንደገና መዞር ጀምሯል። «ሮያል ራምብል፣ ሬስልማኒያ፣ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ክፍያ፣ ያለ መቆራረጥ» ይላል። ሁለቱም የአሜሪካው ሬስሊንግ ድርጅት የደብሊው ደብሊው ኢ (WWE) ትልልቅ ዓመታዊ ዝግጅቶች ናቸው። አምና እኛን የበላን ይኸው ነው። ጽሑፉ አንድ ፊደል አልተቀየረም፣ ፎቶው ብቻ አዲስ ነው። እባካችሁ እንዳትከፍሉ። ለምን እንደሆነ ከመነሻው ልንገራችሁ።

እኛ ስምንት ነን፣ የከዚራ ልጆች። ትንሽ ሆነን የደቻቱን ወንዝ ተሻግረን መጋላ ቪዲዮ ቤት እንሄድ ነበር። እዚያ አግዳሚ ላይ ተጣበን አንደርቴከርን፣ ሮክን፣ ሬይ ሚስቴሪዮን እያየን ነው ያደግነው። ከሁሉም በላይ ግን ጆን ሲናን። ሲና 2025 እ.ኤ.አ. የመጨረሻ ዓመቴ ነው ሲል፣ አንድም ግጥሚያው እንዳያመልጠን ተባባልን። የደብሊው ደብሊው ኢ ሳምንታዊ ዝግጅት ሮው ከዚያው ዓመት መጀመሪያ ጀምሮ ኔትፍሊክስ ላይ ገብቷል፣ ከአሜሪካ ውጭም በብዙ አገር ትልልቆቹ ዝግጅቶች እዚያው ነው የሚታዩት። እኛ ደግሞ ለውጭ ክፍያ የሚሆን ካርድ የለንም። ሻጩ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

እያንዳንዳችን 200 ብር አዋጣን፣ 1,600 ብር ሆነ። ሰብስቤ በቴሌብር የላክሁት እኔ ነኝ። ሰውዬውን በአካል አናውቀውም፣ ድሬ ነው ያለሁት ነው የሚለው። ኢሜይልና የይለፍ ቃል ላከልን፣ ገባን፣ ሠራ። ሁለት ሳምንት ሮውን ያለ ችግር አየን። አመንነው።

ከዚያ ሬስልማኒያ 41 መጣ። ላስ ቬጋስ ነበር፣ አሌጂያንት ስታዲየም፣ ሁለት ሌሊት። የመጀመሪያው እዚያ ቅዳሜ ከሰዓት ሲጀምር እኛ ጋ ሌሊት 8 ሰዓት ነው፣ ለሚያዝያ 12 አጥቢያ። የፋሲካ ሌሊት! እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትወጣ «ድስቱን እንዳትነኩት» ብላ አስጠንቅቃን ሄደች። በሚያዝያ ሙቀት ሳሎን አይቻልም፣ ቴሌቪዥኑን ወደ ግቢ አወጣነው። የሚጾመውም የማይጾመውም ተሰበሰበ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም። አንዱ ለውዝ ይዞ መጣ፣ አንዱ ሻይ በፔርሙስ። እንደዚያ ያለ ሌሊት በዓመት አንዴ ነው።

መክፈቻው ጄይ ኡሶ ከጉንተር ነበር። ጄይ ሕዝቡ መሀል እየጨፈረ ሲገባ አየን። ስታዲየሙ ሁሉ እጁን አብሮት ያወዛውዛል። ግጥሚያው እንደተጀመረ ምስሉ ቆመና አንድ ጽሑፍ ወጣ፣ አካውንታችሁን በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው እየተጠቀመበት ነው የሚል። ለሻጩ ጻፍኩ። «ውጣና ተመልሰህ ግባ» አለኝ። ወጣሁ፣ ገባሁ። አሁን ደግሞ ኮድ ጠየቀ። ኮዱ የሚላከው ወደ ኢሜይሉ ነው፣ ኢሜይሉ ደግሞ የሱ ነው። ደወልኩ፣ አያነሳም። ደግሜ ጻፍኩ፣ አያነብም። ስምንት ሰው ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ የኔን ስልክ ያያል። ያን ሰዓት እስካሁን አልረሳሁትም። ገንዘባቸውን ለኔ ነው የሰጡት፣ ያመኑትም እኔን ነው። እናቴ ከቅዳሴ ስትመለስ አሁንም ስልኩን ይዤ ነበር።

አንድ የኔትፍሊክስ አካውንት አምስት ፕሮፋይል ነው የሚይዘው። በውዱ ፓኬጅ እንኳ በአንድ ጊዜ ማየት የሚችለው አራት ስክሪን ብቻ ነው፣ በርካሹ አንድ። ሻጩ ያንኑ አንድ አካውንት ለሃያም ለሠላሳም ሰው ይሸጠዋል። በአዘቦት ቀን አንዱ ፊልም ያያል፣ አንዱ ተኝቷል፣ ማንም አያውቅበትም፣ ለዚህ ነው ሁለት ሳምንት ሙሉ የሠራልን። ትልቁ ሌሊት ሲመጣ ግን ሁሉም በአንድ ሰዓት ይገባል። ቀድሞ የገባ አራት ሰው ያያል፣ ሌላው ውጭ ይቀራል። ከዚህ ሌላ ኔትፍሊክስ አንድ አካውንት ለአንድ ቤት ነው ስለሚል፣ ከሌላ ቦታ ሲከፈት ኮድ ይጠይቃል። ሻጩ ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው ያውቃል። ያን ሌሊት ስልኩን የሚያጠፋውም ለዚህ ነው።

ያመለጠንን ልንገራችሁ። ጄይ ጉንተርን እጅ አሰጥቶ የሻምፒዮንነት ቀበቶውን ወሰደ። በመጨረሻው ግጥሚያ ሴት ሮሊንስ ሲኤም ፓንክንና ሮማን ሬንስን አሸነፈ። የሮማን አማካሪ የነበረው ፖል ሄይማን ሁለቱንም ከዳቸውና ከሮሊንስ ጋር ወጣ። ለኔ የዓመቱ ምርጥ አጨራረስ ይኼ ነው፣ ምክንያቱም ሄይማን ለፓንክ ያለበት ውለታ፣ ከሮማን ጋር ያሳለፈው ዘመን፣ ሁሉም ለወራት ሲገነባ ነበር። እኔ ይህን ያየሁት በማግስቱ በአጭር ቪዲዮ ነው፣ ውጤቱን ፌስቡክ ላይ ካነበብኩ በኋላ። ሬስሊንግ የሚወድ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሄይማን ያንን ወንበር ሲያነሳ ማንን ሊመታ ነው ብሎ ልብ ማንጠልጠል ቀረብኝ።

ሁለተኛውን ሌሊት ጎረቤት ቤት ሄደን አየነው። ሲና ኮዲ ሮድስን አሸንፎ ለ17ኛ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ፣ የሪክ ፍሌርን 16 አለፈ። ታሪክ ነው፣ ግን አጨራረሱ አሳዘነኝ። ትራቪስ ስኮት የሚባለው ዘፋኝ መሀል ገባ፣ ሲና ኮዲን ከቀበቶ በታች መትቶ በቀበቶው ራሱ ጨረሰው። ይህን ሁሉ በየካቲት ያስጀመረው ሮክ ደግሞ ብቅ አላለም። ሰው ለዓመታት የጠበቀው ቁጥር በዘፋኝ እጅ መምጣት አልነበረበትም። ብዙዎቻችሁ እንደማትስማሙ አውቃለሁ፣ ቀበቶውን ማግኘቱ ይበቃል የምትሉ አላችሁ። ለኔ አይበቃም።

ሻጩ ከሦስት ቀን በኋላ ብቅ አለ። ይቅርታ ጠየቀ፣ ሲስተም ነው አለ። «ካሳ» ብሎ አዲስ አፕሊኬሽን ላከልን። ፕሌይ ስቶር ላይ የለም፣ ፋይሉን በቴሌግራም ነው የላከው። እዚህ ላይ በደንብ አስተውሉ። ስልኬ ላይ ስጭነው ጽሑፍ መልእክቶቼን ለማንበብ ፈቃድ ጠየቀኝ። ቪዲዮ የሚያሳይ አፕ የኔን ሜሴጅ ምን ያደርግለታል? የባንኩም የቴሌብሩም ማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣው በሜሴጅ ነው። አልፈቀድኩም። ከጓደኞቻችን አንዱ ግን ሳያነብ «ፍቀድ» ብሎ ነበር። ያን ዕለት ማታ አጥፍተን ሚስጥር ቁጥሩን ሁሉ አስቀየርነው። ገንዘብ አልሄደበትም፣ ተመስገን። ይህን አፕ የተቀበላችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ አጥፉት።

አፕሊኬሽኑን በአንድ አሮጌ፣ ሲም በሌለው ታብሌት ላይ ጭነን ሌላውን ትልቅ ዝግጅት ሰመርስላምን ሞከርንበት። ሐምሌ 26 ነበር፣ ኒው ጀርሲ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሁለት ቀን። ምስሉ በየአምስት ደቂቃው ይቆማል፣ ድምፁ ይቀድማል። እንደምንም ታግሰን ፓንክ ጉንተርን አሸንፎ ቀበቶውን ሲያነሳ ደረስን። ተቃቀፍን፣ ጮኽን፣ የጎረቤት ውሻ ሳይቀር ተነሳ። እዚያው ላይ ተቋረጠ። በቃ አልቋል ብለን ተኛን። ጠዋት ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ስልኬን ስከፍት ሻምፒዮኑ ሮሊንስ ነው! ለካ እኛ ስንተኛ ጉልበቱ ተጎድቷል የተባለው ሮሊንስ በክራንች እየተደገፈ መጥቶ፣ ክራንቹን ወርውሮ፣ በፈለገው ሰዓት ሻምፒዮኑን የመግጠም መብት የሚሰጠውን ቦርሳ አስመዝግቦ ፓንክን እዚያው ገልብጦታል። ለሳምንታት ዓለምን ሁሉ አታሏል፣ እኔም ጉዳቱን አምኜ አዝኜለት ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በቀጥታ ካላዩት አንዴ ብቻ የሚገኝ ደስታ ነው የሚያመልጠው።

በነገራችን ላይ በማግስቱ ሌሊት ሲናና ኮዲ እንደገና ተገናኙ፣ ይህኛውን በሌላ ሰው ቤት ሙሉውን አይቼዋለሁ። ሬስልማኒያ ላይ መሆን የነበረበት ግጥሚያ ይኼ ነው። ማንም መሀል አልገባም፣ ሁለቱም እስኪደክማቸው ተዋደቁ፣ ኮዲ በንጹሕ አሸነፈ፣ ሲናም ቀበቶውን በክብር አስረከበ። ብሮክ ሌስነር መጨረሻ ላይ ባይመጣ ደግሞ ይበልጥ ያምር ነበር።

ከሁሉም ያናደደኝ ግን የታኅሣሡ ነው። የሲና የመጨረሻ ግጥሚያ ዋሽንግተን ነበር፣ እኛ ጋ ለታኅሣሥ 5 አጥቢያ፣ ሌሊት 10 ሰዓት። ያ ዝግጅት ከአሜሪካ ውጭ በደብሊው ደብሊው ኢ በራሱ ዩቲዩብ ቻናል በቀጥታ ነው የተላለፈው፣ በነጻ። እኔ ዳታ ሞልቼ በስልኬ አየሁት። በነጋታው ሳቢያን የሚኖር አንድ ጓደኛችን ያን ሌሊት ለማየት 300 ብር እንደከፈለ ነገረኝ። ለዚያው ሰውዬ! የተላከለትን ሊንክ አሳየኝ። የዩቲዩብ ሊንክ ነው። ላቡን ጠብ አድርጎ የሚሠራ ልጅ ነው፣ ቀን ቀፊራ ገበያ ሸክም ላይ ይውላል። 300 ብር ለሱ ቀላል አይደለም።

ግጥሚያውን በተመለከተ፣ ሲና ለጉንተር እጅ ሰጥቶ ሲያበቃ አልቅሻለሁ። ከሃያ ዓመት በላይ እጅ ሰጥቶ የማያውቅ ሰው ነው። «ተስፋ አትቁረጥ» ሲለን የኖረ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሕዝብ ጮኸ፣ ተቃወመ። እኔም ያን ሌሊት ተናድጄ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን እጅ ከመስጠቱ በፊት ፈገግ ብሏል። ለሚቀጥለው ሰው ቦታ ለቀቀ። ጫማውን ሪንጉ ላይ ትቶ ሲወጣ፣ መጋላ አግዳሚ ላይ የተቀመጥነው ልጆች ትዝ አሉኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሮያል ራምብል ጥር 23 ቀን 2018 ሪያድ ላይ ነው፣ ከሰሜን አሜሪካ ውጭ ሲደረግ የመጀመሪያው ነው። ሰዓታችን ከሪያድ ጋር አንድ ስለሆነ በዚህ ጊዜ ንጋት ድረስ መጠበቅ የለም፣ ስለዚህ የሚያየው ሰው ይበዛል፣ የሚሸጠውም ይበዛል። ቀጥሎ ሬስልማኒያ 42 አለ፣ እንደገና ላስ ቬጋስ፣ የመጀመሪያው ሌሊት እኛ ጋ ለዳግም ትንሣኤ አጥቢያ ይውላል። ሻጮቹ ይህን ቀን መቁጠሪያ ከኛ በላይ ያውቁታል።

የግድ የምትከፍሉ ከሆነ ለዓመት አትክፈሉ፣ ለአንድ ወር ብቻ። «የዕድሜ ልክ» የሚላችሁን ጨርሶ አትስሙ፣ ኔትፍሊክስ እንደዚያ ያለ ነገር አይሸጥም። አካውንቱ በማን ኢሜይል እንደተከፈተ ጠይቁ። በሱ ኢሜይል ከሆነ ተዉት፣ ቁልፉ በሱ እጅ ነው። ውጭ ዘመድ የሌለው የድሬ ሰው ጥቂት ነው፣ ዘመድ ካላችሁ በራሳችሁ ኢሜይል ክፈቱና በሱ ካርድ ይከፈልላችሁ። ሮው በአዘቦት ሳምንት ስለሠራ አትታለሉ፣ እኛን ያታለለን እሱ ነው። ትልቅ ዝግጅት ሲመጣም መጀመሪያ የደብሊው ደብሊው ኢን ዩቲዩብ ቻናል እዩ፣ በነጻ ሊሆን ይችላል። በቴሌግራም የተላከ አፕ ደግሞ ስልካችሁ ላይ አትጫኑ፣ ማንም ይላከው።

የሰባቱን ጓደኞቼን 200 ብር ከኪሴ ልመልስ ሞክሬያለሁ። አራቱ ተቀበሉኝ፣ ሦስቱ እንቢ አሉ። የከፈልኩበት የቴሌብር ደረሰኝ አሁንም ስልኬ ላይ አለ። የሳቢያኑ ልጅም የሱን ይዟል። ለዚሁ ሰው የከፈላችሁ ካላችሁ ደረሰኙን እንዳታጠፉት፣ ከሱ ጋር የተጻጻፋችሁትንም ስክሪንሾት አንሱና በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ሰኞ ጠዋት ሁለታችን ፖሊስ ጣቢያ እንሄዳለን፣ ስንበዛ ይሻላል።