በበርክሊ ኮረብታ እንስላልን ከመርዛም መሳዩ ለመለየት የከፈልኩት 45 ዶላር

እማዬ ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀኝ የመጣች ዕለት፣ ከኤርፖርት ወደ ኦክላንድ ስንመጣ ገና መንገድ ላይ «አቁሚ! እንስላል!» ብላ ጮኸች። ፍሪዌይ ላይ ስለነበርን አላቆምኩም። ግን እውነቷን ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ እንስላል አረም ነው። መንገድ ዳር፣ ሐዲድ አጠገብ፣ ባዶ ቦታ በተገኘበት ሁሉ የሰው ቁመት አልፎ ይቆማል።

እኔ ራሴ ሁለት ዓመት ሙሉ እየቆረጥኩ፣ ሆዴን ሲነፋኝ አፍልቼ ስጠጣው ኖሬያለሁ። ባለፈው ፌብሩዋሪ ግን ከጅረት ዳር አመሻሽ ላይ የሰበሰብኩትን ለጋ ቅጠል ጓደኛዬ አየችና «እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ። ገልበጥ አድርጌ አየሁት። ግማሹ እንደ ክር የቀጠነ ነው። ግማሹ ጠፍጠፍ ያለ፣ የካሮት ቅጠል የሚመስል ነው። ሽታው ግን ሁሉም እንስላል! ስልኬ ላይ ባለው የዕፅዋት መለያ መተግበሪያ ጠፍጣፋውን ፎቶ አነሳሁት። መጀመሪያ «የዱር ካሮት» አለኝ። ቀጥሎ የሰጠኝ ግምት ሄምሎክ ነበር።

ሄምሎክ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ዓመት ሶቅራጥስ ተፈርዶበት የጠጣው መርዝ ነው። ከሥሩ እስከ ፍሬው መርዝ ነው፤ ቢደርቅም አይለቅም። ጡንቻን ያዝላል፣ በመጨረሻ ትንፋሽ ያቆማል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ሐኪም ቤት በጊዜ ከተደረሰ፣ መርዙ እስኪወጣ በመሣሪያ እያስተነፈሱ ያቆዩታል። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የዕፅዋት መለያ ጉዞ የምታዘጋጅ ሴት እንዳለች የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። በጁን የመጀመሪያው ቅዳሜ እማዬን ይዤ ሄድኩ።

ዋጋው ለአንድ ሰው 45 ዶላር ነው። ቦታው ከበርክሊ በላይ ያለው ኮረብታ ነው። 12 ሰዎች ነበርን፤ ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀ። አስጎብኚዋ ከ60 ዓመት በላይ የሆናት፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ፓርኩ ውስጥ መቅጠፍ ክልክል ስለሆነ፣ ከቤቷ አካባቢ የቆረጠቻቸውን አገዳዎች በላስቲክ አሽጋ ነው የመጣችው።

የከፈልኩትን ገንዘብ የሚያክል ጥቅም ያገኘሁበት እንስላልና ሄምሎክ ጎን ለጎን የበቀሉበት ቦታ ላይ ያቆምነው ግማሽ ሰዓት ነው። ሁለቱም አብበው ነበር። የእንስላል አበባ ቢጫ ነው፤ የሄምሎክ ነጭ። ሁለቱም እንደ ጃንጥላ የተዘረጉ ናቸው። ይሄን ማንም ያያል። ችግሩ አበባ በሌለበት ጊዜ ነው። ያኔ አገዳውን ነው የምታዩት። የሄምሎክ አገዳ ልስልስ ያለ ሆኖ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ የተረጨበት ይመስላል፤ ሲቆረጥ መሐሉ ባዶ ነው። የእንስላሉ ነጠብጣብ የለውም፤ ለጋው ሲቆረጥ ውስጡ ነጭና ሙሉ ነው። የዱር ካሮት ደግሞ አገዳው ፀጉራም ነው። አስጎብኚዋ ጓንት አድርጋ፣ ይዛ ከመጣቻቸው የሁለቱን አገዳ ቆርጣ አሳየችን።

እማዬ ግን አልተዋጠላትም። «ንገሪያት፣ እኛ አገር በእጅ አሽቶ ማሽተት ነው» አለችኝ። ተረጎምኩ። አስጎብኚዋ አልተከራከረችም። እማዬ የቆመውን እንስላል በጣቶቿ እንድታሸው አደረገች። ከዚያ ከኪሷ ሶፍት አውጥታ ሰጠቻትና «አሁን ይሄን አሽተሽ አሽትቺው» አለቻት። እማዬ ሶፍቱን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ዝም አለች። «ይሄም እንስላል ነው» አለች ቀስ ብላ።

ያን ጊዜ ነው የፌብሩዋሪው የገባኝ። ሄምሎክ ብቻውን ሲታሽ እንደ አይጥ ሽንት ይሸታል ይባላል። እጅሽ አንዴ እንስላል ከነካ ግን የምትይዢው ሁሉ እንስላል ይሸታል። እቅፌ ውስጥ የነበረው በሙሉ እንስላል የሸተተኝ ለዚህ ነው። ሁለቱ ደግሞ አብረው መብቀል ይወዳሉ።

ሌላም የተማርኩት አለ። ድንብላል፣ ከሙን፣ ነጭ አዝሙድ፣ ካሮት፣ እንስላል፣ ሄምሎክ፣ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ናቸው። ቅመም ቤታችን ግማሹ የዚህ መርዝ ዘመድ ነው! እማዬን ይሄ ነው ከሁሉም በላይ የገረማት።

በመንገዳችን ሳማ አየን፤ እማዬ ስሙን ከአስጎብኚዋ ቀድማ ጠራች። ጉሎና አስተናግርም እዚህ እንደሚበቅሉ ሰማን። አስተናግር እዚህም ሰው ያሳብዳል፤ አፍ ያደርቃል፣ ልብ ያስመታል።

ቅር ያሉኝ ነገሮች አሉ። ስለ ፖይዝን ኦክ ብቻ 40 ደቂቃ ወሰደች። ባለ ሦስት ቅጠል ነው፣ አትንኩት፣ ያሳክካል፤ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል? ዳገቱ ለእማዬ ጉልበት ከባድ ነበር፤ ሽንት ቤት ደግሞ መነሻው ላይ ብቻ ነው ያለው። አዛውንት ይዞ የሚሄድ አስቀድሞ ይጠይቅ። ትልቁ ጉድለት ግን ሌላ ነው። ሄምሎክ ሁለት ዓመት የሚኖር ተክል ነው። በመጀመሪያው ዓመት አገዳ አያወጣም፤ መሬት ላይ ተዘርግቶ ቅጠል ብቻ ነው። እኔ የተሳሳትኩት እዚያ ላይ ነበር። በጁን ያንን በፎቶ ብቻ ነው ያሳየችን። ስነግራት «እውነት ነው፣ ለእሱ በፌብሩዋሪ ተመለሺ» አለችኝ።

ቤት ስንገባ ኩሽና መስኮት ላይ የሰቀልኩትን ደረቅ እንስላል አወረድኩ። ቅጠሉ ተፈርፍሯል፤ ምን ከምን ይለያል? በማሰሮ ያስቀመጥኩትን ፍሬም ጨምሬ በላስቲክ አሽጌ ጣልኩት። የሄምሎክ ፍሬ ከእንስላል ፍሬ ጋር በቀላሉ ይምታታል። እማዬ አልተቃወመችም። መርዝ ሲያጋጥም የሚደወልለትን የአሜሪካውን የፖይዝን ኮንትሮል ቁጥር፣ 1-800-222-1222፣ ፍሪጁ ላይ ለጥፌያለሁ። ሌሊትም ይሠራል፣ አስተርጓሚም ያቀርባሉ።

እንስላሌን አሁን ከሱቅ ነው የምገዛው። መንገድ ዳር ያለው ፀረ አረም የተረጨበትም ሊሆን ይችላል፤ ለሻይ አይሆንም። ለሚሄድ ሰው፦ ጓንት ያዙ፣ ረጅም ሱሪ ልበሱ፣ እናታችሁ ካለች ይዛችኋት ሂዱ፣ አስተርጉሙላት። እኔ ለፌብሩዋሪው ተመዝግቤያለሁ። እማዬ ያኔ አገሯ ትሆናለች፤ የለጋውን ፎቶ እንድልክላት አጥብቃ አዛኛለች።